የእናቴ ካንሰር በዘራችን ያለ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ43 ዓመት ሴት ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናት፤ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እናቴ ከእኔ ጋር ናት፤ 71 ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ደረጃ መውጣት አቃታት፤ ስትመረመር ደሟ በጣም አንሶ ተገኘ። ከዚያ በኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብቶ አንጀትን በሚያይ ምርመራ) ትልቁ አንጀቷ ላይ፣ በቀኝ በኩል ዕጢ ታየባትና በቀዶ ሕክምና ወጣላት። እግዚአብሔር ይመስገን አሁን ደህና ናት። የፓቶሎጂው ወረቀት ላይ ግን «ኤምኤልኤች1 ጠፍቷል» የሚል አለ፤ ከሥሩ ደግሞ «የኤምኤልኤች1 ሜቲሌሽን ተገኝቷል» ይላል። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ላክሁለት። እሱ ኢንተርኔት ሲያገላብጥ አድሮ «ይሄ ሊንች የሚሉት በዘር የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ሁላችንም ላይ ሊኖር ይችላል» አለኝ። ታናሽ እኅታችን በመጪው ጥር ሠርጓ ነው። ለሙሽራው ቤተሰብ ይነገር፣ አይነገር እያልን እንቅልፍ አጥተናል። አክስቴ «የክትፎ ጣጣ ነው» ትላለች። እኔ ደግሞ ጥቁሮች ላይ እንደሚብስ አነበብሁ። እኛ ኢትዮጵያውያን እዚያ ውስጥ እንቆጠራለን? ልጆቼስ መመርመር አለባቸው? ወንድሜ ራሱ ሁለት ዓመት ሙሉ ኪንታሮት እያደማው ነው፤ በዚያ ላይ ይህ ጭንቀት ተጨመረበት። ምን ልበለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እናትዎን እግዚአብሔር ጨርሶ ይማርልዎ። ሠርጉን አታዘግዩ። ወንድምዎን ያስደነገጠው የወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር ነው፤ መልሱ ያለው ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ሁለተኛው መስመር የእናትዎ ዕጢ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ሳይሆን በራሳቸው አንጀት ውስጥ፣ ከዕድሜ ጋር የመጣ መሆኑን ያመለክታል። ይህን ዓይነት ወረቀት ይዘው የሚጨነቁ ብዙ ናቸውና ዘርዘር ላድርገው።

እኔ ፓቶሎጂስት ነኝ። ቀዶ ሐኪሞቹ ያወጡት ሥጋ በሰም ውስጥ ተቀብሮ፣ ከፀጉር ቀጥኖ ተቆርጦ፣ ቀለም ተነክሮ ወደ እኔ ማይክሮስኮፕ ይመጣል። አንደኛው ቀለም ኤምኤልኤች1 የተባለውን ፕሮቲን ብቻ እየለየ ቡናማ ያደርጋል። በደህናው አንጀት ላይ የየሴሉ አስኳል ቡናማ ሆኖ ይታያል። በእናትዎ ዕጢ ላይ ቡናማው አልታየም። «ጠፍቷል» የተባለው ፕሮቲኑ ነው። ለምን እንደጠፋ ግን ቀለሙ አይናገርም፤ ፕሮቲን በሁለት መንገድ ሊጠፋ ይችላልና።

ሁለቱን መንገዶች የማስረዳው ሁልጊዜ በአባቴ ነው። አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ጎጃም፣ ከቤታችን ደጃፍ መደብ ላይ ተቀምጠው፣ ብራናውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በሸምበቆ ብርዕ ሲጽፉ እኔ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም አቀብላቸው ነበር። የተሳሳቱ እንደሆነ አንዳንዴ በካራ ይፍቁታል። ያኔ ፊደሉ ይጠፋል፣ ብራናው ይሳሳል። ሌላ ጊዜ ደግሞ አይፍቁትም፤ ከቃሉ በላይና በታች ቀጫጭን ጭረት ያደርጉበታል። «ይህን አንባቢው ይለፈው» ማለት ነው። ፊደሉ እዚያው አለ፤ ዓይን ያየዋል፤ አፍ ግን አይጠራውም። የቆየ የብራና መጽሐፍ የገለጠ ሰው ይህን ጭረት ያውቀዋል።

ዲኤንኤ በአራት ፊደል የተጻፈ መጽሐፍ ነው። መፋቅ ማለት በጂኑ ፊደል ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው፤ ሚውቴሽን እንለዋለን። ሊንች ሲንድረም የሚባለው፣ ኤምኤልኤች1ን ወይም መሰሎቹን ጂኖች ተፍቀው ከወላጅ መቀበል ነው። ጭረቱ ደግሞ ሜቲሌሽን ነው። አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጂን ያላት ሜቲል የምትባል ትንሽ ነገር ጂኑ መነበብ በሚጀምርበት ቦታ፣ ሲ በሚባለው ፊደል ላይ ትለጠፋለች። ብዛት ያላቸው ሜቲሎች እዚያ ከተለጠፉ የሴሉ አንባቢ ያንን ጂን ያልፈዋል። ፊደሉ አልተነካም፤ ዝም ተሰኝቷል እንጂ። ይህን የሚያጠናው ሙያ ኤፒጄኔቲክስ ይባላል። ጭረቱ በራሱ በሽታ አይደለም። የጉበት ሴልና የዓይን ሴል አንድ መጽሐፍ ይዘው የተለያዩት እያንዳንዳቸው የማይመለከታቸውን ገጽ እንዲያልፉ ስለተደረገ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ጭረቱ መነበብ ባለበት ቃል ላይ ሲያርፍ ነው።

ኤምኤልኤች1 መነበብ ካለባቸው ዋነኛው ነው፤ አራሚ ነውና። ሴል በተከፈለ ቁጥር መጽሐፉን በሙሉ ይገለብጣል፤ ኤምኤልኤች1ና ጓደኞቹ ከኋላ እየተከተሉ ስሕተቱን ያርማሉ። አባቴ በብዛት የሚሳሳቱት አንድ ቃል በሚደጋገምበት ቦታ ነበር። ሦስት ጊዜ የተጻፈውን «ሃሌ ሉያ» ሁለት ጊዜ ብቻ ጽፈው ያልፋሉ፣ ወይም አራት ያደርጉታል። ሴልም የሚሳሳተው እዚያው ነው፤ አንድ ፊደል እየተደጋገመ በሚሄድባቸው ቦታዎች። አራሚው ዝም ሲል እነዚህ ስሕተቶች ይከመራሉ። በወረቀቱ ላይ «ኤምኤስአይ ከፍተኛ» የሚል ካዩ ይኸው ነው። ከመቶ የትልቁ አንጀት ካንሰር 15 ያህሉ እንዲህ ያለ ነው። ከእነዚህ 15ቱ ደግሞ 12 ያህሉ አራሚያቸው በጭረት ዝም የተሰኘባቸው ናቸው፤ በዘር የመጣው 3 ያህሉ ብቻ ነው።

ፊደሉ አለመጥፋቱ እንዴት ታወቀ ቢሉ፣ ከእርስዎ ቤት ብዙ በማይርቀው ባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ1998 ያሳዩት ነገር አለ። አራሚው ዝም ያለባቸውን የአንጀት ካንሰር ሴሎች ወስደው ሜቲሉን በሚያነሣ መድኃኒት አከሟቸው። ኤምኤልኤች1 ተመልሶ ተነበበ፤ እርማቱም ተመለሰ። የተፋቀ ፊደል እንዲህ አይመለስም። ይህን ባነበብሁበት ቀን አባቴ በሕይወት ኖረው ብነግራቸው ብዬ ተመኘሁ። መድኃኒቱ ዛሬ ለአንዳንድ የደምና የመቅኔ በሽታ ይሰጣል እንጂ ለአንጀት ካንሰር የሚሰጥ ሕክምና አልሆነም፤ ስለዚህ «የተዘጋ ጂን እከፍታለሁ» ብሎ ጠርሙስ የሚሸጥልዎት ሰው ቢመጣ ገንዘብዎን አይስጡ።

አሁን ወደ ወረቀትዎ እንመለስ። ቢራፍ የሚል የሌላ ጂን ስም አብሮ ካለና «ቪ600ኢ ተገኝቷል» ካለ፣ መልሱ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ይህ ለውጥ በሊንች ካንሰር ላይ የለም ማለት ይቻላል። የእናትዎ ታሪክም ይስማማል። ይህ በጭረት የሚመጣው ካንሰር በአብዛኛው በዕድሜ በገፉ ሰዎች፣ ከወንድ ይልቅ በሴቶች፣ በቀኝ በኩል ባለው አንጀት ላይ ይታያል፤ ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ላይም ይበረክታል። ጭረቱ ከተወለዱ ጀምሮ በመላ ሰውነት ላይ የሚገኝባቸው ሰዎች አሉ፤ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ካንሰሩም የሚይዛቸው ገና በወጣትነታቸው ነው። በ71 ዓመታቸው ለታመሙ እናት ይህን አንፈራም። ቢሆንም ወረቀቱን ይዘው የጄኔቲክስ አማካሪ ጋ አንድ ቀጠሮ ይያዙ፤ «ሊንች አይደለም» የሚለውን ቃል ከእኔ ዓምድ ሳይሆን ፊርማ ካለበት ደብዳቤ ላይ ለወንድምዎ ያንብቡለት።

ለሕክምናቸው ግን ኤምኤስአይ ጠቃሚ ዜና ነው። እንዲህ ያለው ዕጢ ሳይሰራጭ ከተገኘ ከሌላው የተሻለ ዕድል አለው፤ አንዳንድ ጊዜ የኬሞ መድኃኒቱንም ምርጫ ይለውጣል። ተመልሶ ቢመጣ ወይም ተሰራጭቶ ቢገኝ እንኳ ፔምብሮሊዙማብ የሚባል፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃ መድኃኒት አለ፤ ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ ለተሰራጨ የዚህ ዓይነት ካንሰር እንደ መጀመሪያ ሕክምና ተፈቅዷል። መድኃኒቱ አራሚው በጭረትም ይጥፋ በመፋቅ ይሠራል። የካንሰር ሐኪማቸውን (ኦንኮሎጂስቱን) ይህን ስም ጠርተው ይጠይቁ።

ሁለተኛው ምርመራ ሳይሠራ ሲቀር ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ሆስፒታል፣ የአንዲት የሀገራችንን ሴት ዕጢ መርምሮ «ኤምኤልኤች1 ጠፍቷል» ብሎ ጻፈ፤ እዚያው አቆመ። የሜቲሌሽን ምርመራ አልታዘዘም። ሦስት ልጆቿ በዘራቸው ሞት እንዳለ አምነው ስድስት ዓመት ኖሩ። አንደኛዋ ልጅ መውለድ ፈራች። በሰም የተቀመጠው ቁራጭ ኋላ እኔ ጋ ደረሰና ምርመራው ሲሠራ ጭረት ሆኖ ተገኘ። ስልክ ደውዬ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ «ስድስት ዓመት?» አለችኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ስለዚህ አንባቢዎቼ ሆይ፣ በወረቀታችሁ ላይ «ኤምኤልኤች1 ጠፍቷል» ብቻ ካለ ሁለተኛውን ምርመራ ጠይቁ። ቁራጩ ለዓመታት ይቀመጣል፤ አልረፈደም።

ሊንች የሆነባቸው ቤተሰቦችም ይህን እያነበቡ ነውና በእነርሱም ላይ ፍርሃት ጭኜ ማለፍ አልፈልግም። በ1895 አሜሪካ ውስጥ፣ ሚሺጋን፣ አን አርበር ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ አልድሬድ ዋርቲን ለተባለ ሐኪም «የቤተሰቤ ሰው በካንሰር ነው የሚያልቀው፤ እኔም እንደዚያው እሞታለሁ» አለችው። እንዳለችውም ሞተች። እሱ ግን ቃሏን ንቆ አልተወውም፤ የቤተሰቡን ሐረግ መዝግቦ በ1913 አሳተመ። ኋላ ሄንሪ ሊንች የቀጠለው ይህንኑ ሥራ ነው። በዚያች ሴት ጊዜ ማወቅ ምንም አያድንም ነበር። ዛሬ ሊንች ያለበት ሰው በየአንድ ሁለት ዓመቱ ኮሎኖስኮፒ እያደረገ ፖሊፑን፣ ማለትም አንጀት ላይ የሚበቅለውን ትንሽ እባጭ፣ ካንሰር ሳይሆን ያስወጣል። ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉም እኩል በእኩል ነው፤ «ሁላችንም አለብን» የሚባል ነገር የለም። በሠርግ ዋዜማ የሚደበቅ ነውር አይደለም። ከ300 ሰው አንዱ ገደማ ይዞት ይኖራል፤ ብዙዎቹ ሳያውቁት።

«ጥቁሮች ላይ ይብሳል» ስላሉት። በአሜሪካ ጥቁሮች ከነጮች በ20 በመቶ ያህል በበለጠ በዚህ ካንሰር ይያዛሉ፤ በ40 በመቶ ያህል በበለጠ ይሞቱበታል። የመያዙና የመሞቱ ቁጥር መራራቁን ልብ ይበሉ። ያ ልዩነት ከጂን ይልቅ ዘግይቶ መመርመርን፣ የኢንሹራንስ እጦትንና የሕክምና ጥራትን የሚከተል ነው። ስለ ጭረቱ ደግሞ ዋሽንግተን፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከእኛ ምግብ ቤቶች በእግር በሚደረስበት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ2008 የታተመ ሥራ አለ። የ95 ጥቁር አሜሪካውያንን፣ የ53 ኢራናውያንንና የ61 ኦማናውያንን ዕጢዎች አነጻጸሩ። ኤምኤስአይ ከፍተኛ የሆነው በጥቁር አሜሪካውያን 31 በመቶ፣ በኢራናውያን 26፣ በኦማናውያን 13 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህ ዕጢዎች ውስጥ ኤምኤልኤች1 የጎደለባቸው በሁለቱ ወገኖች 77 በመቶ ሲሆኑ፣ በኦማናውያኑ ግን 38 በመቶ ብቻ ናቸው። ቁጥሩ የሚያስደንቅ ነው፤ የተቆጠረው ሰው ግን ትንሽ ነው። በአሜሪካ ብዙ ሰው ይዘው የተሠሩ ሌሎች ጥናቶች በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ኤምኤስአይ ከነጮቹ ጋር የተቀራረበ ወይም ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል።

እናትዎ ክሊኒክ ሲገቡ በሞሉት ቅጽ ላይ «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» የሚለውን ሳጥን ሳያመለክቱ አልቀሩም፤ እኔም የማደርገው እሱኑ ነው። ያ ሳጥን ግን በቆዳ ቀለም የተሰበሰበ ነው። ቅድመ አያቶቹ ከምዕራብ አፍሪካ በግፍ ተጭነው የመጡ የባልቲሞር ሰውና በ50 ዓመታቸው ከደብረ ማርቆስ የመጡ እናት በዘርም፣ በልጅነት ምግብም፣ በኑሮም አንድ አይደሉም። የአንድ ሕዝብ አማካይ ቁጥር የአንድ ሰውን ዕጢ አይተነብይም። የእናትዎን ዕጢ የሚናገረው የእናትዎ ዕጢ ነው፤ እሱ ደግሞ ተመርምሮ ተናግሯል።

ለእኛ ሀገር ሕዝብ ከዘር ይልቅ ዕድሜ ትልቅ ትርጉም አለው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ2011 ጀምሮ በሚሠራው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ፣ የትልቁ አንጀት ካንሰር በወንዶች ላይ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ታማሚዎቹም በአሜሪካ ከምናያቸው በዕድሜ ያነሱ ናቸው፤ አንዱ ምክንያት ሀገሪቱ ራሷ የወጣቶች ሀገር መሆኗ ነው። ጭረቱ የሽማግሌና የባልቴት ነገር ከሆነ፣ በ35 ዓመት ወጣት ዕጢ ላይ አራሚው ሲጠፋ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት መፋቁ፣ ማለትም ሊንች ነው። አዲስ አበባ ያሉ የሙያ ባልደረቦቼ ቀለሙ በእጃቸው ባይኖር እንኳ «ከቤተሰብ ማን፣ በስንት ዓመቱ፣ በምን ታመመ?» ብለው ቢጠይቁ ብዙ ርቀት ይሄዳሉ። የማሕፀን ካንሰርንም አብረው ይጠይቁ፤ የሊንች ቤተሰብ ውስጥ እሱም አለ።

አክስትዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ቀይ ሥጋ ማብዛት፣ ይልቁንም ቋሊማና የታሸገ ሥጋ፣ ለዚህ ካንሰር ዕድል ይጨምራል፤ ክትፎ ጥሬ መሆኑ ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም። ምግብ አንጀት ላይ ስለሚያደርገው ነገር ከሰማሁት ሁሉ ያስደነቀኝ በ2015 የታተመ ሥራ ነው። 20 የፒትስበርግ ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንት ምግብ ተቀያየሩ። በአሜሪካውያኑ በኩል በዓመት ከ100,000 ሰው 65 ያህሉ በዚህ ካንሰር ይያዛሉ፤ በደቡብ አፍሪካውያኑ በኩል ከ5 በታች። አሜሪካውያኑ በቀን 55 ግራም ገደማ አሠር (ፋይበር) ያለው የእህልና የባቄላ ምግብ በሉ፤ የአንጀታቸው ብግነት በሁለት ሳምንት ቀነሰ። ሃምበርገር የቀረበላቸው ደቡብ አፍሪካውያን ደግሞ በተቃራኒው ሆኑ። አሠሩን የአንጀት ባክቴሪያዎች ቢዩቲሬት ወደሚባል ነገር ይለውጡታል። ቢዩቲሬት ዲኤንኤው የተጠቀለለበትን ፕሮቲን ላላ በማድረግ ዝም ያሉ ጂኖች እንዲነበቡ ይረዳል፤ ይህ ከሜቲል ሌላ የሆነ የኤፒጄኔቲክስ መንገድ ነው። ከጃፓን ወደ ሃዋይ የሄዱ ሰዎችም በአንድ ትውልድ ጊዜ ውስጥ የአሜሪካን ያህል በዚህ ካንሰር መያዝ ጀምረዋል። ዘሩ ያው ነው፤ ማዕዱ ተለወጠ። ስለዚህ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ የጤፍ እንጀራውን አይተዉ፤ እዚህ ሀገር በነጭ የስንዴ ዱቄት ከሚቀላቀለው ይልቅ ንጹሑን ጤፍ ካገኙ እሱን።

ልጆችዎ አሁን ምንም ምርመራ አያስፈልጋቸውም። እርስዎ ግን ያስፈልግዎታል። ወላጅ ወይም ወንድም እኅት በዚህ ካንሰር የታመመበት ሰው፣ ሊንች ባይሆንም፣ ከ40 ዓመቱ ጀምሮ መመርመር አለበት፤ እርስዎ 43 ነዎት፤ ሦስት ዓመት አልፎታል። ኮሎኖስኮፒውን ይሥሩ። የሰገራ ምርመራም አለ። ኮሎጋርድ የሚባለው የተለየ ሥጋት ለሌለባቸው ሰዎች በ2014 የተፈቀደ ሲሆን፣ በሰገራ ውስጥ ከሚፈልጋቸው ነገሮች መካከል የሁለት ጂኖች ሜቲሌሽን ይገኝበታል። ይህ ሁሉ ያወራንለት ጭረት፣ ካንሰሩን ከሩቅ የምናይበት ምልክትም ሆኗል።

ደብዳቤዎ ውስጥ እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው፤ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ የጻፉት። ወንድምዎ ሁለት ዓመት ሙሉ ይደማል። ኪንታሮት መሆኑን ማን አየለት? በመሣሪያ ውስጡን ያየ ሐኪም አለ? እናቱ በአንጀት ካንሰር የታከመች ሰው ከፊንጢጣው ደም ሲፈስስ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ቅባት መቀባት የለበትም። ሀገር ቤት በኪንታሮት ስም፣ በአሜባ ስም፣ በጨጓራ ስም ስንት ዕጢ ሲያድግ አይተናል! ብዙውን ጊዜ በእርግጥ ኪንታሮት ሆኖ ይገኛል፤ ያን ማወቅ የሚቻለው ግን ታይቶ ነው። ኮሎኖስኮፒ አዲስ አበባ ይሠራል። ዛሬ ማታ ይደውሉለት። ስለ ጂኑ ያለውን ነገር በኋላ ይንገሩት፤ መጀመሪያ ቀጠሮ ይያዝ። የደም ማነስ እንዳለበትም አብሮ ይታይ፤ እናትዎን መጀመሪያ ያሳበቀባቸው እሱ አልነበር? ቀጠሮው የሚውልበትን ቀን ይጻፉልኝ።